ሰባት ሰው ላለው ቢሮ ሰርቨር መግዛት ያስፈልጋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የሒሳብ ሥራና የግብር ማማከር ቢሮ አለኝ። ሰባት ነን። አራት ዴስክቶፕ፣ ሦስት ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር አለን። ፋይል የምንለዋወጠው በፍላሽና በቴሌግራም ነው። ባለፈው ወር የአንድ ደንበኛችን ሒሳብ በሁለት የተለያየ ቅጂ ተገኘና የተሳሳተውን አቀረብን። ሰርቨር ግዙ ተባልን፤ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነብን። ያለ ሰርቨር ተገናኝተን መሥራት እንችላለን? ከየት እንጀምር? ፕሪንተራችንንስ ሁላችንም ልንጠቀምበት እንችላለን?»

አብሽሩ፤ ትችላላችሁ። ለሰባት ሰው ሰርቨር፣ ማለትም የሁሉንም ፋይል ይዞ ሌሎቹን ለማገልገል ብቻ የሚቆም ኮምፒውተር፣ አያስፈልግም። ካሏችሁ አራት ዴስክቶፖች አንዱ የፋይሎቻችሁ ማደሪያ ሆኖ ማገልገል ይችላል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተጫነበት ተራ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እስከ 20 ግንኙነት እንዲያስተናግድ ተፈቅዶለታል። ሠራተኞቻችሁ ከ15 ሲያልፉ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ቅርንጫፍ ስትከፍቱ የሰርቨሩን ነገር እንደገና እናነሳዋለን።

ከጻፉት ውስጥ እኔን ያስጨነቁኝ ሁለቱ ቅጂዎች ናቸው። ፍላሽ በተሰካ ቁጥር አንዱ ፋይል ሁለት ይሆናል። በቴሌግራም ለሦስት ሰው የተላከ ፋይል አራት ይሆናል፤ አራቱም ስማቸው አንድ ነው፣ አራቱም ላይ ሰው ይሠራባቸዋል። ከሳምንት በኋላ «ትክክለኛው የቱ ነው?» ሲባል ማንም አያውቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ ገመዱም አድራሻውም የይለፍ ቃሉም፣ እያንዳንዱ ፋይል አንድ ማደሪያ ብቻ እንዲኖረው ለማድረግ ነው። ይህን ካልያዛችሁ ውድ ሰርቨር ብትገዙም ያው ሁለት ቅጂ ይጠብቃችኋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ብዙ ሰው ኔትወርክ ሲባል ኢንተርኔት ይመስለዋል። የቢሮ ኔትወርክ ከግድግዳችሁ የማይወጣ የራሳችሁ መንገድ ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ፋይላችሁ አይቋረጥም፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተሠራው በሌላው ጠረጴዛ ላይ እንደ ወትሮው ይከፈታል። ለወሎ ቢሮዎች በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ብቻ አትደገፉ የምለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ገመዱ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ በሥራዬ ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ነው።

የማገናኛ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። አራት ዴስክቶፕ፣ ሦስት ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፤ ስምንት ሆነ። ኢንተርኔት ወደሚያስገባላችሁ ሳጥን፣ ወደ ራውተሩ፣ የሚሄደው ሲጨመር ዘጠኝ ነው። ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ሳጥን፣ ስዊቹን፣ ባለ 8 ቀዳዳ ገዝተው በማግሥቱ ሌላ ፍለጋ የሚወጡ ብዙ ናቸው፤ እናንተ ባለ 16 ግዙ፤ ጊጋቢት መሆኑን ደግሞ ሳጥኑ ላይ አረጋግጡ። በ100 ሜጋቢት መስመር ላይ በሰከንድ የሚያልፈው ቢበዛ 12 ሜጋባይት ገደማ ነው። በጊጋቢት መስመር ከ100 ሜጋባይት በላይ ያልፋል። 600 ሜጋባይት የሆነ የደንበኛ መዝገብ በመጀመሪያው 50 ሰከንድ ሲፈጅ በሁለተኛው 6 ሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። ሐምሌ ላይ ደንበኛ በር ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ ልዩነቱ ይታወቃችኋል።

ገመዱ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይሁን፤ ሁለቱም እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋቢት ይሸከማሉ፣ ከቢሮ ስፋት በላይ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ አለ። ከውጭ ሲታይ ከትክክለኛው አይለይም፣ ካርቶኑም ላይ ካት 6 ይላል። ሳይገዙ በፊት ከጫፉ አንዷን ቀጭን ሽቦ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉ። ውስጧ ነጭ ብረት ከመሰለ ተዉት፤ ቀይ መዳብ እስከ ውስጥ ድረስ መሆን አለበት። አሉሚኒየሙ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ሲሰበር ደግሞ የሚፈርሰው ግድግዳው ነው። በገመድ ላይ አትቆጥቡ። ኮምፒውተር በአምስት ዓመት ይቀየራል፣ በደንብ የተዘረጋ ገመድ ግን ሌላ ኮምፒውተር ሁለት ሦስቴ ያስተናግዳል።

ጫፉ ላይ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል በሁለቱም በኩል እንዲህ ይሁን፦ ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ለምን ተለያይቶ ሦስተኛና ስድስተኛ ላይ እንደሚቀመጥ ያልገባቸው ባለሙያዎች ቀለማቱን ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን ይደረድሯቸዋል፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ምን ችግር አለው ይላሉ። ርካሹ መፈተሻም ከአንድ እስከ ስምንት ያሉትን መብራቶች በተራ አብርቶ «ደህና ነው» ይላል። ደህና ግን አይደለም። ሦስተኛውና ስድስተኛው ቦታ እርስ በርስ በተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች መያዝ አለባቸው፤ መጠማዘዙ ነው ከጎናቸው የሚመጣውን ረብሻ የሚያጠፋላቸው። ጥንዱ ከፈረሰ ግንኙነቱ ይኖራል፣ ነገር ግን ይንቀረፈፋል፣ ትልቅ ፋይል ላይ ይቆረጣል። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ቢሮ በዚህ ምክንያት ስዊቹን ሁለት ጊዜ ቀይሯል። እኔ ስደርስ ያደረግሁት ነገር ቢኖር የስድስት ገመዶችን ጫፍ ቆርጦ እንደገና መቆንጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ገመዱን የዘረጋው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ሳይሄድ አንድ ትልቅ ፋይል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው አስገልብጡት፤ ፍጥነቱ እውነቱን ይነግራችኋል።

የኔትወርኩን ገመድ ከመብራት ሽቦ ጋር አብራችሁ አታስሩት። ጎን ለጎን ሲሄዱ አንድ ክንድ ያህል ይራራቁ፣ መሻገር ካለባቸው በመስቀለኛ ይሻገሩ። ሌላ ሕንፃ ላይ ክፍል ካላችሁ ደግሞ ይህን ገመድ በአየር ላይ አትዘርጉት። የደሴ ክረምት መብረቁ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ በሁለት ሕንፃ መካከል የተንጠለጠለ መዳብ ስዊቹንም ኮምፒውተሩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለዚያ ፋይበር አለ፣ ወይም በአንቴና የሚያገናኝ መሣሪያ አለ።

ዋይፋይ ለላፕቶፖቹ ይሁን፣ እሱም ደብዳቤ ለመጻፍና ለማንበብ። ቢሮ ስትገቡ ጠረጴዛችሁ ላይ ገመድ ይጠብቃችሁ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የሒሳብ ቢሮ እንደመሆናችሁ አብዛኛው ሰው ስለሚጠቀም ነው የምገምተው፣ በዋይፋይ ፈጽሞ አትክፈቱት። ፒችትሪ መዝገቡን ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ያለማቋረጥ ያነብባል፣ ይጽፋል። መስመሩ ለአንዲት ሰከንድ ሲቆረጥ ግማሹ የተጻፈ መዝገብ ይቀራል፤ በማግሥቱ ሚዛኑ አይገጥምም። በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ያው አንድ ዕትም ይጫን፣ የመዝገቡ ቦታም በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት የድራይቭ ፊደል ይጠራ።

የፋይል ማደሪያ የሚሆነው ኮምፒውተር የትኛው ይሁን? ማንም የማይቀመጥበት ቢሆን እመርጣለሁ። ካልተቻለ ሥራው ረጋ ያለ ሰው የሚጠቀምበት ይሁን እንጂ ደንበኛ ፍላሹን አምጥቶ የሚሰካበት የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር አይሁን። ያ ሾርትከት ቫይረስ የምትሉት የሚገባው በዚያ በር ነው። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ፣ ፋይሎቹ በሌላ ዲስክ ይቀመጡ። ራሱን እንዳያስተኛ አድርጉት፤ «ምሳ በልተን ስንመለስ ፋይሉ ጠፋ» እየተባልሁ ስንት ጊዜ እንደተጠራሁ አልቆጥረውም፤ ኮምፒውተሩ ተኝቶ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ አቅማችሁ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ወደ 11 ለማሳደግ ከበቃ ይህኛው ይሁን፤ ፕሮ የሚባለው ዕትም ይመረጣል።

አድራሻን፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹ በኔትወርኩ ላይ የሚጠራሩበትን ቁጥር፣ በተመለከተ ራውተራችሁ ለሁሉም ያድል። ለፋይል ማደሪያውና ለፕሪንተሩ ብቻ የማይቀየር አድራሻ ስጡ። ራውተሩ 192.168.1.1 ከሆነ ማደሪያው 192.168.1.10፣ ፕሪንተሩ 192.168.1.20 ሊሆን ይችላል፤ ራውተሩ የሚያድለው ከ100 ይጀምር። አንድ ኮምፒውተር በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ካገኛችሁት አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ አውጥቷል ማለት ነው፤ ገመዱን ተመልከቱ። ዋይፋይ ለማስፋት ብላችሁ ሁለተኛ ራውተር ከገዛችሁ ደግሞ የእሱን አድራሻ ማደያ አጥፉት። ሁለት አዳዮች በአንድ ቢሮ ውስጥ ካሉ ግማሹ ሠራተኛ ከአንዱ፣ ግማሹ ከሌላው ይወስድና እርስ በርስ አይተያይም። ተራ ለሚጠብቁ ደንበኞች ዋይፋይ የምትሰጡ ከሆነ የእንግዳ የሚባለውን ለይታችሁ ክፈቱ፤ የቢሮውን የይለፍ ቃል ለማንም አትስጡ።

ወደ ማጋራቱ ስንመጣ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የተለመደ ምክር «የይለፍ ቃሉን አጥፉ፣ ለሁሉም ክፈቱ» ይላል። አትስሙት። የሰው ገቢ፣ የሰው ዕዳ፣ የሰው ደመወዝ ነው የያዛችሁት። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ፕሮ ዕትሞችም ያለ ስምና ያለ ይለፍ ቃል መግባትን ከመጀመሪያው ዘግተውት ስለሚመጡ መንገዱ ብዙም አያስኬድም። በማደሪያው ኮምፒውተር ላይ ለሰባቱም ሰዎች በየስማቸው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ክፈቱ። የጋራ ፎልደሩ ሁለት ፈቃድ አለው፦ አንዱ የግቢው በር ነው፣ ሁለተኛው የጓዳው በር። የግቢው በር በኔትወርክ ለሚመጣ የሚከፈተው የማጋሪያ ፈቃድ ሲሆን የጓዳው ፎልደሩ ራሱ ላይ የተጻፈው ፈቃድ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። «ፈቃድ ሰጥቼው ነበር፣ አልከፍት አለ» የሚባለው አንዱን ብቻ ስለከፈቱ ነው። እኔ የግቢውን በር ለሰባቱ ሰዎች ሙሉ በሙሉ እከፍትና ጥበቃውን ጓዳ ላይ አደርጋለሁ፤ የደመወዝ ፎልደር ለእርስዎና ለአንድ ሰው፣ የደንበኞች ለሁሉም፣ የተዘጉ ዓመታት ለማንበብ ብቻ። የኔትወርኩ ዓይነት በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ «የግል» ተብሎ መመረጡንም ተመልከቱ፤ «የሕዝብ» ካለ ኮምፒውተሩ ራሱን ይደብቃል።

አንድ ባለሙያ መጥቶ «አልገናኝ ስላለኝ ኤስኤምቢ 1ን ላብራው» ካለ እምቢ በሉት። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው በዚህ አሮጌ የማጋሪያ ቋንቋ ክፍተት ነው፤ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ያወጣው ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር፣ ያልጫነ ተመታ። ዊንዶውስ 7 እንኳ ያለ ኤስኤምቢ 1 ይሠራል።

ስለ ፋይል ስም የምለው አለኝ፤ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ አታገኙትም። ዊንዶውስ የግዕዝ ፊደልን በፋይል ስም ያለ ችግር ይቀበላል። ነገር ግን ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ለእሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱ ሠራተኛ «ሒሳብ» ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው «ሂሳብ» ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም፤ አጣሁት ብሎ አዲስ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ቅጂ ተመለሰ። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» እንዲሁ። አንድ ቀን ቡና ሲፈላ ተቀመጡና የቢሯችሁን ሃያ ሠላሳ ዋና ቃላት አጻጻፍ ወስናችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል አስቀድሙ፤ 2018-01-15 ብላችሁ ብትጀምሩ ፋይሎቹ በራሳቸው በጊዜ ተራ ይሰለፋሉ። የኮምፒውተሮቹ ስም ግን በላቲን ፊደል፣ ከ15 ያልበለጠና ክፍተት የሌለበት ይሁን። በጥንቶቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ካሏችሁ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይከፈታሉ፤ ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

ኤክሴል ላይ አንድ ሰው ፋይል ከፍቶ እየሠራ ሌላው ሲከፍት «ተይዟል፣ ለማንበብ ብቻ ክፈተው» ይለዋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ በሌላ ስም አስቀምጦ ይቀጥላል። ይህን በቢሯችሁ ከልክሉ። ተነስቶ «ጨርሰሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ሰባት ሰው ናችሁ፣ ድምፅ ይሰማማል።

መብራትን ሳላነሳ አላልፍም። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ፣ ለማደሪያው ኮምፒውተር፣ ለስዊቹና ለራውተሩ ይሁን። ስዊቹና ራውተሩ የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ስለሆነ መብራት ሲሄድ ላፕቶፖቹ በራሳቸው ባትሪ፣ ኔትወርኩ በዩፒኤሱ ሆነው የተጀመረውን ጨርሶ ለማስቀመጥ የሚበቃ ደቂቃ ታገኛላችሁ። ከዚያ ማደሪያውን በሥርዓት ዝጉት። መብራት ሲመለስ ወዲያው አታብሩ፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ የሚለው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ የገዛችሁበትን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉበት።

መጠባበቂያ ቅጂው ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው ነፍሱን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ብዙ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የነበረበት ጠረጴዛ ባዶውን ነበር። ዕቃው ቀስ በቀስ ተተካ፤ ለዓመታት የተጠራቀመው መዝገብ ግን ከየት ይተካ? ከማውቃቸው መካከል ሥራቸውን ቶሎ የቀጠሉት አንዲት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ልብስ መሐል ሸጉጠው የወጡት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ሳዘጋጅ ገመድ ከመዘርጋቴ በፊት «ዲስኩ የት ያድራል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ግዙ። በየሳምንቱ ዓርብ ከሥራ በኋላ በአንዱ ላይ ቅዱና ንቀሉት፤ ከቢሮው ይውጣ፣ እርስዎ ቤት ወይም ሐይቅ ከተማ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ቤት ይደር። በሚቀጥለው ዓርብ ሌላው ይተካው። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ መጠባበቂያ አይባልም፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ከገባ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። የደንበኛ ምሥጢር ስላለበት ዲስኩን ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ቆልፉት፣ መክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ከዲስኩ ሌላ ቦታ አኑሩት። የፒችትሪውን መዝገብ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ በራሱ በፒችትሪው ቅጂ ማውጫ ቅዱት። ሠራተኞቻችሁም ይህን ይወቁ፦ በኔትወርክ ላይ ካለ የጋራ ፎልደር የተሰረዘ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያው አይሄድም፤ በዚያው ይጠፋል። ሊመልሰው የሚችለው የዓርቡ ዲስክ ብቻ ነው። በየወሩ አንድ ጊዜ ከዲስኩ ላይ አንድ ፋይል አውጥታችሁ ክፈቱ፤ ተከፍቶ ያልተሞከረን ቅጂ እኔ እንደ ቅጂ አልቆጥረውም።

ሥራውን ለመጀመር ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ይበቃችኋል። የመጀመሪያው ሥራ ያሉትን ቅጂዎች ሁሉ ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትክክለኛውን መለየት ነው፤ ይህን እናንተ ብቻ ናችሁ የምትችሉት፣ ባለሙያ አይረዳችሁም። የተለየው ብቻ ወደ ማደሪያው ይግባ። የቀሩትን «አሮጌ» በሚባል ለማንበብ ብቻ በተፈቀደ ፎልደር ውስጥ ለአንድ ዓመት አቆዩዋቸው።

የፕሪንተሩ ነገር ቀላል ነው። ጀርባው ላይ የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳ ካለው በቀጥታ ስዊቹ ላይ ሰኩት፣ ያልሁትን ቋሚ አድራሻ ስጡት፣ በየኮምፒውተሩ በአድራሻው ጨምሩት። ቀዳዳው ከሌለው ከማደሪያው ኮምፒውተር ጋር አገናኙትና ከዚያ አጋሩት፤ ማደሪያው ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለሚውል ማንም «ኮምፒውተርህን አብራልኝ፣ ላትም ነው» ሳይባባል ይሠራል።